የብራንካቺ ቤተ ጸሎት፦ የግድግዳ ሥዕል እንደ ታሪክ ሰነድና እንደ ትምህርት ቤት

መግቢያ

የአውሮፓ የሬነሳንስ ዘመን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዝነኛ ስሞች ተጀምሮ በእነዚያው ስሞች ይፈጸማል። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ፣ ማይክል አንጄሎና ራፋኤል የሚሉትን ስሞችና የሥራዎቻቸውን ዝርዝር በቃሉ የያዘ ተማሪ ዘመኑን እንዳወቀ ይቆጠርለታል። ነገር ግን አንድ የጥበብ ሥራ ከምን እንደሚሠራ፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍለው፣ ሠሪው ሙያውን ከማን እንደሚማረው፣ ሥራው ለምን እንደሚቋረጥ፣ ከብዙ መቶ ዓመታትም በኋላ በምን ሁኔታ ከእኛ ዘንድ እንደሚደርስ ያልጠየቀ ተማሪ ታሪክን ሳይሆን የስም መዝገብን አጥንቷል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጣልያን አገር፣ በፍሎሬንስ ከተማ፣ በሳንታ ማሪያ ዴል ካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚገኘውን የብራንካቺ ቤተ ጸሎት በምሳሌነት ወስዶ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መመርመር ነው። ቤተ ጸሎቱ የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። በመጀመሪያ ጠባብ ቦታ ስለሆነና በግድግዳዎቹ ላይ የቀሩት ሥዕሎች አሥራ ሁለት ብቻ ስለሆኑ መምህሩ ሥራውን በሙሉ በዓይኑ ሊይዘው ይችላል። ሁለተኛም ከላይ በስም ከተጠቀሱት ዝነኞች መካከል ያሉት ራሳቸው ገና ተማሪ ሳሉ ለመማር የገቡበት ስፍራ በመሆኑ፣ ስለ ታላላቅ ሰዎች ብቻ ሳይሆን ታላላቅ ሰዎች እንዴት እንደሚማሩ ያስረዳናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከተማውና ቤተሰቡ

በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፍሎሬንስ በሱፍና በሐር ጨርቅ ሥራ፣ በንግድና በባንክ ሥራ የበለጸገች፣ በንጉሥ ሳይሆን በሀብታም ቤተሰቦችና በሙያተኞች ማኅበራት የምትመራ ከተማ ነበረች። ሠዓልያን የራሳቸው የብቻ ማኅበር አልነበራቸውም፤ የሚመዘገቡት ከሐኪሞችና ከመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ውስጥ ነበር። ይህ በመጀመሪያ ሲሰማ እንግዳ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ለሥዕል የሚያስፈልገው ቀለም የሚሸጠው መድኃኒት ከሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ እንደ ነበረ ሲታወቅ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሠዓሊው በዚያን ጊዜ እንደ አናጢና እንደ አንጥረኛ የእጅ ሙያተኛ እንጂ እንደ ዛሬው በብቸኝነት የሚያስብ ጠቢብ ተደርጎ አይቆጠርም ነበር።

ካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን ከአርኖ ወንዝ ማዶ፣ የቀርሜሎሳውያን መነኮሳት በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ክንፍ ያለውን ቤተ ጸሎት ያስጀመረው ፒዬትሮ ብራንካቺ የተባለ በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረ ሰው ሲሆን፣ ሥዕሎቹ እንዲሣሉ ያዘዘው ግን ከዚያው ቤተሰብ የተወለደው የሐር ነጋዴ ፌሊቼ ብራንካቺ ነው ተብሎ ይታመናል። ፌሊቼ በ1422 የከተማው መልእክተኛ ሆኖ ስለ ንግድ ጉዳይ ወደ ካይሮ፣ ወደ ግብፅ ሱልጣን የተላከ ሰው ነበር። የቅዱስ ጴጥሮስ ሕይወት ለሥዕሎቹ ርእስ የሆነው የቤተ ጸሎቱ መሥራች በዚሁ ሐዋርያ ስም ስለሚጠራ ነው። ስለዚህ ገና አንድ ቀለም ሳይቀባ በፊት የቤተ ጸሎቱ ታሪክ የንግድ፣ የቤተሰብ ክብርና የሃይማኖት ታሪክ ነበር ማለት ነው።

2. እርጥብ ልስንና የአንድ ቀን ሥራ

ፍሬስኮ የሚለው የጣልያንኛ ቃል ትርጉሙ «ትኩስ» ወይም «እርጥብ» ማለት ነው። በአገራችን ብዙ ሰዎች በግድግዳ ላይ የተሣለውን ማንኛውንም ሥዕል ፍሬስኮ ይሉታል። ሆኖም በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት የግድግዳ ሥዕሎች በአብዛኛው በደረቀ ልስን ላይ ወይም በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ስለሆኑ በትክክለኛው አነጋገር ፍሬስኮ አይባሉም። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ የአሠራርና የኬሚስትሪ ልዩነት ነው።

የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ያልጠፋ ኖራ ይቀራል። ይህ ኖራ ውሃ ሲጨመርበት እየፈላ ይበርዳል፤ ለልስን የሚያገለግለውም ይኸው የበረደው ኖራ ነው። ግንበኛው ኖራውን ከአሸዋ ጋር ለውሶ ግድግዳውን ይለስናል። በ1400 ገደማ ስለ ሥዕል ሙያ መጽሐፍ የጻፈው ቼኒኖ ቼኒኒ ሁለት እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ ኖራ ጋር እንዲቀላቀል ይመክራል። ሠዓሊው ልስኑ ሳይደርቅ፣ በውሃ ብቻ የተበጠበጠውን ቀለም ይቀባበታል። ልስኑ ሲደርቅ ኖራው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መልሶ በመውሰድ እንደገና ወደ ድንጋይነት ይለወጣል፤ ቀለሙም በዚያ ድንጋይ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሙጫም ሆነ የዕንቁላል አስኳል አያስፈልግም። ግድግዳው ራሱ ቀለሙን ይይዘዋል።

ከዚህ ጠባይ የተነሣ ሠዓሊው የሥራውን ጊዜ ራሱ አይወስንም፤ ጊዜውን የሚወስንለት ልስኑ ነው። በመጀመሪያ ግድግዳው ሻካራ በሆነ ልስን ይለበሳል፤ በዚያም ላይ የሥዕሉ ንድፍ በቀይ አፈር ቀለም ሊነደፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሊሠራ ለታሰበው ቁራሽ ብቻ ለስላሳው ልስን ይለሰንና በዚያው ቀን ይሣልበታል። ይህ ቁራሽ በጣልያንኛ ጆርናታ፣ ማለትም «የአንድ ቀን ሥራ» ይባላል። በቀኑ መጨረሻ ሳይቀባ የቀረው ልስን ተቆርጦ ይጣላል፤ በማግሥቱ አዲስ ይለሰናል። ሥራው ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ የኋለኛው ልስን በፊተኛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይደርባል። የዛሬ ተመራማሪዎችም እነዚህን ጠርዞች በመከተል የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደተሣለና ሥራው ስንት ቀን እንደፈጀ ሊቈጥሩ ይችላሉ። በብራንካቺ ቤተ ጸሎት 6 ሜትር ያህል ወርድና 2 ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ያለው ታላቁ የግብር ሥዕል በሠላሳ ያህል የሥራ ቀናት የተፈጸመ መሆኑ የታወቀው በዚህ ዘዴ ነው። ግድግዳው እንደ መዝገብ ይነበባል ማለት ይህ ነው።

በአንዳንድ ቀለሞች ረገድ ግን እርጥብ ልስን አይስማማም። ከመዳብ ማዕድን የሚገኙት ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለሞች ብዙውን ጊዜ በደረቁ ልስን ላይ፣ በማጣበቂያ የሚቀቡ ነበሩ። እነዚህም ከጊዜ ብዛት እየተፈረፈሩ ይወድቃሉ። በብዙ የጣልያን አብያተ ክርስቲያናት ሰማዩና የእመቤታችን ልብስ ገርጥተው ወይም ጠፍተው ሲገኙ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው።

3. ሁለቱ ቶማሶዎች

ሥራውን በ1424 ወይም በ1425 ገደማ የጀመሩት ሁለት ሠዓልያን ነበሩ። የሁለቱም የክርስትና ስም ቶማሶ ነው። ትልቁ ማዞሊኖ ማለት «ትንሹ ቶማሶ» ተባለ። ታናሹ፣ በታኅሣሥ 21 ቀን 1401 የተወለደው፣ ማሳቾ ማለት «ዝርክርኩ ቶማሶ» ተባለ። ጆርጆ ቫሳሪ እንደሚለው ይህ ቅጽል የተሰጠው ስለ ልብሱና ስለ ገንዘቡ ግድ ስለሌለው እንጂ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። በመካከላቸው የ18 ዓመት ያህል የዕድሜ ልዩነት ነበር።

በቤተ ጸሎቱ መግቢያ ላይ፣ በቀኝና በግራ ባሉት ምሰሶዎች አናት፣ የአዳምና የሔዋን ታሪክ ፊት ለፊት ተሥሏል። በቀኝ ያለው፣ ዕፀ በለስን ሲበሉ የሚያሳየው ሥዕል፣ የማዞሊኖ ነው። አዳምና ሔዋን ቀጥ ብለው፣ ፊታቸው ረጋ ብሎ፣ እግራቸው መሬት የረገጠ ሳይመስል ቆመዋል። በግራ ያለው፣ ከገነት ሲባረሩ የሚያሳየው፣ የማሳቾ ነው። በዚህ ላይ አዳም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሆዱ በልቅሶ ገብቷል፤ ሔዋን አፏን ከፍታ፣ ዓይኗ ጠፍቶ ትጮኻለች። ብርሃን ከአንድ ወገን መጥቶ አካላቸውን ይመታዋል፤ ጥላቸውም በመሬት ላይ ይወድቃል። ማዞሊኖ የሚያምር ሥዕል ሣለ፤ ማሳቾ ግን የሚሄዱና የሚያለቅሱ ሰዎችን ሣለ።

ይህ ልዩነት ከተሰጥዖ ብቻ የመጣ አይደለም። በዚያን ጊዜ በፍሎሬንስ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ የተባለው መሐንዲስ ርቀት በሥዕል ላይ በጂኦሜትሪ የሚገለጥበትን ሕግ አሳይቶ ነበር። ዶናቴሎ ደግሞ የጥንት ሮማውያንን ሐውልቶች አጥንቶ በድንጋይና በነሐስ ሕይወት ያለው የሚመስል አካል ይቀርጽ ነበር። ማሳቾ ከሁለቱም ተማረ። ከመሐንዲሱ ስፋትን፣ ከቀራጺው ክብደትን ወሰደና በግድግዳ ላይ አዋሐዳቸው። በ1430ዎቹ አጋማሽ ሌዎን ባቲስታ አልቤርቲ ስለ ሥዕል የጻፈውን መጽሐፍ በጣልያንኛ ለብሩኔሌስኪ ሲያበረክት በመታሰቢያው ላይ ስማቸውን ከጠራቸው ጥቂት ጥበበኞች መካከል ሠዓሊው ማሳቾ ብቻ ነው።

ሆኖም ሁለቱን ሰዎች «አሮጌ» እና «አዲስ» ብሎ እንደ ባላንጣ ማቆም ተገቢ አይሆንም። በአንድ የእንጨት ርብራብ ላይ አብረው ሠርተዋል። በግብር ሥዕሉ ላይ ያለውን የክርስቶስን ፊት ብዙ ሊቃውንት የማዞሊኖ እጅ ነው ይሉታል። ማዞሊኖም በበኩሉ የጣቢታን ከሞት መነሣት በሣለበት ግድግዳ ላይ የፍሎሬንስን አደባባይ፣ ቤቶችና በመስኮት ያሉ ዕቃዎችን ሳይቀር፣ በርቀት ሕግ ለማሳየት ጥሯል።

4. የግብሩ ሥዕል

ከሥዕሎቹ ሁሉ ዝነኛው በግራ ግድግዳ ላይኛው ክፍል የሚገኘው፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተጻፈውን የግብር ታሪክ የሚያሳየው ነው። በመካከል ክርስቶስ በሐዋርያት ተከቦ ቆሟል፤ ግብር ተቀባዩ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ እጁን ዘርግቷል። ክርስቶስ ወደ ባሕሩ ያመለክታል፤ ጴጥሮስም እጁን በዚያው አቅጣጫ ይዘረጋል። በግራ ጫፍ ጴጥሮስ ጎንበስ ብሎ ገንዘቡን ከዓሣው አፍ ያወጣል። በቀኝ ጫፍ ደግሞ ለግብር ተቀባዩ ይከፍላል። አንድ ሰው በአንድ ሥዕል ውስጥ ሦስት ጊዜ ታይቷል፤ ሦስት ጊዜያት በአንድ ስፍራ ተሰብስበዋል። የሕንጻው መስመሮች ወደ ኋላ እየሸሹ የሚገናኙት በክርስቶስ ራስ ላይ ነው። የተመልካቹ ዓይን ሳይታዘዝ ወደዚያው ይሄዳል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ከቀኝ ይመጣል። በቤተ ጸሎቱ ውስጥ የነበረው እውነተኛ መስኮት በመሠዊያው ግድግዳ ላይ፣ ማለትም ከዚህ ሥዕል በስተቀኝ ነበር። ሠዓሊው የሣለው ብርሃን ሰው ከሚቆምበት ቤት ከሚገባው ብርሃን ጋር አንድ ነው። በዚህ ዘዴ የሐዋርያት ዓለምና የተመልካቹ ዓለም አንድ ክፍል ሆኑ። በመሠዊያው ግድግዳ ላይ ጴጥሮስ በጥላው ሕሙማንን ሲፈውስ የሚታየው መንገድም የኢየሩሳሌም ሳይሆን የዘመኑ የፍሎሬንስ ጠባብ መንገድ ነው፤ ጥላ ለሚፈውስበት ታሪክ ጥላን በትክክል መሣል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አስተዋይ አንባቢ ይገነዘባል።

ይህ ሥዕል ለምን ተመረጠ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን አከራክሯል። ፍሎሬንስ በዚያን ጊዜ ከሚላኖ ጋር በጦርነት ላይ ስለነበረች የገንዘብ ችግር ነበረባት። በ1427ም እያንዳንዱ ቤተሰብ ንብረቱን አስመዝግቦ ግብር የሚከፍልበት ካታስቶ የተባለ ሕግ ታወጀ። ከዚህ በመነሣት ሥዕሉ ስለ ግብር ግዴታ የተሰበከ ስብከት ነው ያሉ አሉ። ነገር ግን ሥዕሉ ከሕጉ በፊት እንደተሠራ ስለሚገመት፣ ሕጉ ሥዕሉን ወለደው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ስለ ግብር የሚደረገው ክርክር በከተማው ውስጥ ቀድሞ ይሰማ ነበር ማለት ግን ይቻላል። ማሳቾ ራሱ በ1427 ለዚሁ ሕግ ቃሉን ሰጥቷል። ከእናቱና ከወንድሙ ጋር የሚኖር፣ ዕዳ ያለበት ሰው መሆኑን አስመዝግቧል። የግብርን ታሪክ ለዘለዓለም የሣለው እጅ የራሱን ዕዳ በግብር መዝገብ ላይ የጻፈ እጅ ነው።

5. የተቋረጠው ሥራ

ማዞሊኖ በ1425 መስከረም ላይ ሥራውን ትቶ ወደ ሃንጋሪ ሄደ። ማሳቾ ለብቻው ቀጠለ፤ ሆኖም እርሱም ወደ ሮማ ሄዶ በ1428 ገደማ፣ ዕድሜው ገና 27 ዓመት ገደማ ሳለ፣ እዚያው ሞተ። የታችኛው ክፍል ሥዕሎች ሳይፈጸሙ ቀሩ።

ሥራው ወዲያውኑ ያልቀጠለው ግን በሠዓሊው ሞት ብቻ አይደለም። ፌሊቼ ብራንካቺ የፓላ ስትሮትሲን ልጅ አግብቶ ነበር፤ ፓላ ደግሞ ከሜዲቺ ቤተሰብ ተቃዋሚዎች አንዱ ነበር። በ1434 ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ከስደት ወደ ፍሎሬንስ ሲመለስ ተቃዋሚዎቹ በተራቸው ተሰደዱ፤ ፌሊቼም ከእነርሱ ጋር ተባረረ። ቤተ ጸሎቱ ባለቤት አልባ ሆነ። የቴዎፍሎስን ልጅ ከሞት መነሣት በሚያሳየው ሥዕል ላይ የነበሩት የብራንካቺ ቤተሰብ አባላት መልኮችም ከዚህ ስደት በኋላ ሆን ተብለው እንደተፋቁ ሊቃውንት ያምናሉ። የፖለቲካ ሽንፈት በግድግዳ ላይ ሳይቀር ታትሟል።

እዚህ ላይ ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚገናኝ አንድ እውነት መጥቀስ ተገቢ ነው። በ1441 በኢየሩሳሌም የነበሩት የኢትዮጵያ ገዳም አበምኔት አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በዲያቆን ጴጥሮስ መሪነት ወደ ፍሎሬንስ መጥተው፣ በዚያ በተሰበሰበው ጉባኤ ላይ በሮማው ጳጳስ በአውጌንዮስ አራተኛ ፊት ቀርበዋል። መልእክተኞቹ የደረሱባት ፍሎሬንስ ኮሲሞ ያሸነፈባት ከተማ ነበረች። የጴጥሮስ ታሪክ በከፊል የተሣለበት ቤተ ጸሎትም በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ ሥራው እንደተቋረጠ ቆሞ ነበር። መምህራን የአውሮፓን ሬነሳንስና የኢትዮጵያን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ በሁለት የማይገናኙ ምዕራፎች ከማስተማር ይልቅ በዚህ ዓይነት ቀናት ላይ ሊያገናኟቸው ይችላሉ።

ሥራውን የፈጸመው በ1480ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፒኖ ሊፒ ነው። አባቱ ፊሊፖ ሊፒ በዚሁ በካርሚኔ ገዳም ከመነኰሱት አንዱ ነበር። ፊሊፒኖ የጎደሉትን ፊቶች ሞላ፤ ጴጥሮስ ከእስር ቤት በመልአክ ሲወጣ፣ ከሲሞን መሠርይ ጋር ሲከራከርና ቁልቁል ሲሰቀል የሚያሳዩትን ሥዕሎች ጨመረ። በዘመኑ የነበረው የሥዕል ጣዕም ከማሳቾ ዘመን የተለየ ቢሆንም ፊሊፒኖ የራሱን ስልት ገትቶ ከቀድሞው ሥራ ጋር እንዲስማማ አደረገው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የተቋረጠ ሥራ ያለ ፉክክር የተፈጸመበት ምሳሌ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል።

6. ቤተ ጸሎቱ እንደ ትምህርት ቤት

ቫሳሪ በ1550 ባሳተመው የሠዓልያን ታሪክ ውስጥ በዚህ ቤተ ጸሎት የተማሩትን ሰዎች ይዘረዝራል፤ ቍጥራቸው ከሃያ በላይ ነው። ከእነርሱም መካከል ፍራ አንጄሊኮ፣ ፊሊፖ ሊፒ፣ ቦቲቼሊ፣ ሌዎናርዶ፣ ማይክል አንጄሎና ራፋኤል ይገኛሉ። ቫሳሪ ከማሳቾ ሞት ከ120 ዓመት በኋላ የጻፈና የፍሎሬንስን ክብር ከፍ ለማድረግ የሚወድ ደራሲ ስለሆነ ዝርዝሩን በሙሉ ያለ ምርመራ መቀበል አይገባም። ነገር ግን ቢያንስ በአንዱ ላይ የማይካድ ማስረጃ አለ። ማይክል አንጄሎ በወጣትነቱ ከግብር ሥዕሉ ላይ የጴጥሮስን ምስል ገልብጦ የነደፈበት ወረቀት በሙኒክ ተጠብቆ ይገኛል። ቤንቬኑቶ ቼሊኒም ማይክል አንጄሎና ቶሪጃኖ ልጆች ሳሉ ሥዕል ለመማር ወደዚህ ቤተ ጸሎት ይመላለሱ እንደ ነበረና በጠባቸው የማይክል አንጄሎ አፍንጫ እንደተሰበረ ጽፏል።

በዚህ ስፍራ ትምህርት እንዴት ይካሄድ ነበር? የተጻፈ መርሐ ግብር አልነበረም፤ ማሳቾም ከሞተ ቆይቷል። ተማሪው በመጀመሪያ ያያል፤ ቀጥሎ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ይመርጣል። በሙኒክ ያለው ወረቀት የሚያሳየን ይህንኑ ነው፤ ወጣቱ ሥዕሉን በሙሉ አልገለበጠም፤ የፈለገው አንዱን ሰውና የልብሱን ክብደት ነው። መገልበጥ የራስን ሐሳብ ይገድላል የሚለው አስተያየት በዘመናችን የትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ ተደጋግሞ ይሰማል። ይህ አስተያየት ከፊል እውነት አለው፤ ሳያስተውሉ መገልበጥ በእርግጥ ያደነዝዛል። ነገር ግን ጥያቄ ይዞ የሚገለብጥ ተማሪ ከአንድ ሥራ ውስጥ ሕጉን ፈልቅቆ ያወጣል። የሬነሳንስ ሊቃውንት ከሞተ መምህር የተማሩት በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ የብራንካቺ ቤተ ጸሎት ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚያቀርበው ቁም ነገር መገልበጥ ይቅር ወይም ይኑር የሚለው ሳይሆን፣ ተማሪው ሲገለብጥ ምን እንዲፈልግ ተነግሮታል የሚለው ነው።

7. ጉዳትና ጥገና

ሥዕሎቹ ከዚያ በኋላ ያለፉበት መንገድ ቀላል አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአዳምና የሔዋን ዕራቁትነት በቅጠል ተሸፈነ። በዚያው ዘመን ቤተ ጸሎቱን አፍርሶ በአዲስ ዓይነት ለመሥራት ሐሳብ ቀርቦ የነበረ ሲሆን ሐሳቡ የተገታው በታላቋ ልዕልት በቪቶሪያ ዴላ ሮቬሬ ተቃውሞ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ በ1740ዎቹ፣ ጣሪያው በዘመኑ ጣዕም እንደገና ሲሣል ማዞሊኖና ማሳቾ ከላይ የሣሏቸው ሥዕሎች ጠፉ። በ1771 ጥር ላይ በተነሣው የእሳት ቃጠሎ የቤተ ክርስቲያኑ አብዛኛው ክፍል ወደመ፤ የቤተ ጸሎቱ ሥዕሎች ግን ጭስ ለብሰው ተረፉ።

በዚህ የተነሣ ከ200 ዓመታት በላይ የማሳቾ ቀለም ጥቁርና ጨፍጋጋ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ስለ ጨለማው ቀለም ትርጉምም ብዙ ተጽፏል። በ1980ዎቹ በተደረገው ጥገና ጥቀርሻውና በኋለኛ ዘመን የተቀባው ሽፋን ሲነሣ ከሥር ብሩህ ሰማያዊ፣ ሮዝና አረንጓዴ ወጣ። ከመሠዊያው ጀርባ ተሸፍነው በመቆየታቸው ጭስ ያልነካቸው ቁርጥራጮችም የመጀመሪያውን ቀለም መሰከሩ። ቅጠሉም ተነሣ፤ ቤተ ጸሎቱ በ1990 እንደገና ለሕዝብ ተከፈተ። ቀለሙ ጨለማ ነው ብለው ከጻፉት መካከል አስተዋይ ሰዎች ነበሩ፤ ያዩትንም በታማኝነት ጽፈዋል። ያዩት ግን የሠዓሊውን ሥራ ሳይሆን የቃጠሎውን ውጤት ነበር። ማንኛውም ሰነድ በእጃችን ከመግባቱ በፊት ምን እንደደረሰበት መጠየቅ እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ አስረጂ ማግኘት ያስቸግራል።

8. በክፍል ውስጥ ሊሠራበት የሚችልበት መንገድ

ከላይ የተገለጸውን ወደ ክፍል ለማምጣት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም ሆነ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚከተሉት ሦስት ልምምዶች ይበቃሉ።

አንደኛው የኖራ ልምምድ ነው። በውሃ የበረደ ኖራ አንድ እጅ፣ የተነፋ አሸዋ ሁለት እጅ ተለውሶ በጡብ ወይም በሻካራ የሸክላ ቁራጭ ላይ በስሱ ይለሰናል። የልስኑ ግማሽ ገና እርጥብ ሳለ በውሃ በተበጠበጠ ቀይ አፈር ወይም በተፈጨ ከሰል ይቀባል፤ ሌላው ግማሽ ከደረቀ በኋላ በዚያው ቀለም ይቀባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱም በእርጥብ ጨርቅ ይታሻሉ። በደረቁ ላይ የተቀባው ሲለቅ፣ በእርጥቡ ላይ የተቀባው ይጸናል። የታሪክና የኬሚስትሪ መምህራን ይህን በአንድነት ሊሠሩት ይችላሉ። ኖራ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ያልበረደ ኖራ ለተማሪዎች መስጠት አይገባም፤ በበረደውም ቢሆን እጅን መሸፈንና ዓይንን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የብርሃን ልምምድ ነው። ተማሪዎች በክፍላቸው ግድግዳ ላይ ሥዕል ቢሠሩ ጥላው በየት በኩል መውደቅ እንዳለበት ከመስኮቱ አቅጣጫ ተነሥተው እንዲወስኑ ይጠየቃሉ። ከዚያ በኋላ የግብሩን ሥዕል ቅጂ አይተው መስኮቱ የት እንደ ነበረ ራሳቸው ያገኙታል።

ሦስተኛው የማስረጃ ልምምድ ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ «የግብሩ ሥዕል የተሣለው በ1427 ሕግ ምክንያት ነው»፣ «ሌዎናርዶ በዚህ ቤተ ጸሎት ተምሯል»፣ «ማሳቾ ጨለማ ቀለም ይወድ ነበር»። ተማሪዎች እያንዳንዱን በዘመን ቅደም ተከተል፣ በምስክሩ ማንነትና በሰነዱ ሁኔታ ይመረምራሉ። የመጀመሪያው በዘመን ቅደም ተከተል ይወድቃል፤ ሁለተኛው በአንድ ዘግይቶ በመጣ ምስክር ላይ ብቻ ይቆማል፤ ሦስተኛው በጥገናው ፈርሷል። ሦስት ዓረፍተ ነገር የመመዘን ችሎታ ያገኘ ተማሪ ሠላሳ ስም በቃሉ ከያዘው ይልቅ ወደ ታሪክ ሙያ ቀርቧል።

ማጠቃለያ

በአንድ ጠባብ ቤተ ጸሎት ውስጥ የነጋዴው ገንዘብ፣ የግንበኛው ኖራ፣ የመሐንዲሱ ጂኦሜትሪ፣ የሁለት ቶማሶዎች እጅ፣ የፖለቲካ ስደት፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የመጣ ፈጻሚ፣ እሳትና ጥገና ተገናኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሥራው ዛሬ በምናውቀው መልክ አይገኝም ነበር። የሬነሳንስን ታሪክ በታላላቅ ስሞች ብቻ የሚያስተምር መርሐ ትምህርት የሚያሳጣን ይህንን ነው፤ ተማሪው ታላቅነት ከሰማይ የወረደ ስጦታ እንጂ በመማር፣ በመተባበርና በየቀኑ በሚሠራ ሥራ የሚገኝ ነገር አይመስለውም።

ስለዚህ ለታሪክ ትምህርት የሚመደበው ክፍለ ጊዜ የተወሰነ መሆኑ እየታወቀ፣ ዕቅድ አውጪዎች ከሃያ ሥራዎች በጥቂቱ ከመጥቀስ ይልቅ አንድን ሥራ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ማስተማር የሚቻልበትን መንገድ ቢያመቻቹ ይመረጣል። ሠዓሊው ከሚችለው በላይ ግድግዳ በአንድ ቀን አይለስንም ነበር፤ ለስኖ ቢገኝ ግን የተረፈውን ቆርጦ ይጥለዋል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሩት ከሚችሉት በላይ እንዲያስተምሩ ለሚታዘዙ መምህራንም ይኸው ሥርዓት ሊታሰብላቸው ይገባል።